ባለ ብዙ ዓይኑ ስልክና የአማቴ አንድ ዓይን

«ሩቅ ላለ ሰው ‹ደህና ነን› ነው የሚባለው፤ ሌላውን ሲመጣ በዓይኑ ያየዋል።»

እናቴ ናት እንዲህ ያለችኝ። ያን ጊዜ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። አጎቴ ለሥራ ከሄደበት ከሞያሌ በጎረቤት ስልክ ሲደውል፣ የእናቴ ጆሮ ከስልክ ጋር ስላልተዋወቀ አነጋጋሪው እኔ ነበርኩ። አጎቴ ሰውን ሁሉ በየስሙ ጠይቆ ሲጨርስ ወደ ከብቶቹ ተሻገረ። «ቦራዋስ?» አለኝ። ቦራዋ ላም ከሞተች ሰንብታለች፤ ቆዳዋም ተሸጧል። እናቴን ቀና ብዬ ባያት ገረመመችኝ። «ደህና ናት» አልኩ። «ትታለባለች?» «ትታለባለች።» አጎቴ በሌላው ዓመት መጣና ሻንጣውን እንኳ ሳያወርድ በረት ገብቶ ላሟን ፈለጋት። እናቴ እንዳለችውም በዓይኑ አየ፤ አለመኖሯን።

ይህ ልማድ የእናቴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛ አገር ከየቤቱ አንድ ሰው ደቡብ አፍሪካ አለ፤ የሌለበትም ቤት ልጁ ፓስፖርት እያወጣ ነው። ስለዚህ ከተማው ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ሩቅ ካለ ሰው ጋር ነው። ሆሳዕና ከተማ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣችሁ ጆሮ ስጡ፤ እግሩ በጀሶ የታሰረ ሰው ሳይቀር «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብቻ እናንተ ደህና ሁኑ» ሲል ትሰማላችሁ። ውሸት ነው አትበሉት። ውሸት ለራስ ጥቅም የሚነገር ነው፤ ይሄ ለሌላው እንቅልፍ የሚነገር ነው። ቄስ ፊት ሲናዘዝ ይህንን ከኃጢአቱ ጋር የሚቆጥር ሰውም ያለ አይመስለኝም። እኔ በበኩሌ አልቆጠርኩም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ደህንነት የሚተላለፍበት ዕቃ ስልክ ነውና፣ ወደ ስልኩ ልምጣ።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ማቴዎስ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ባለፈው መስቀል ሊደርስ ሲል በባለቤቴ ስልክ የድምፅ መልእክት ላከ። እዚያ አብሮት ያለ አንድ የሺንሺቾ ልጅ ለበዓሉ አገር ቤት ሊመጣ ነው፤ ለቤታችን የሚሆን ስልክ ይይዝልናል። ሦስት ዓይነት አይቷል። «የቤዛ እናት ትምረጥ» አለ፤ «ቤት ውላ ስልክ የምታነሳው እሷ ናት።» ቤዛ ልጃችን ናት፤ ገና አፏን እየፈታች ነው፤ እሷም ስልክ ታነሳለች፤ አንስታ ወደ አፏ ነው እንጂ።

የመጀመሪያው ስልክ የዘመኑ ነው። ቀጭን፣ ጠርዙ እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት፣ ከጀርባው እንደ ሸረሪት ዓይን የተደረደሩ ካሜራዎች ያሉት። ከተማው ውስጥ ይህን የያዘ ወጣት ስልኩን ጆሮው ላይ አያደርግም፤ ጀርባውን ለሰው እያሳየ ከፊቱ አርቆ ይዞ ነው የሚያወራው። ሁለተኛው ወፍራም ነው፤ ሁለት ሲም ይወስዳል፤ መብራት ጠፍቶ ቢሰነብት እንኳ ባትሪው አይሰማም። ሦስተኛው ባለ በተን ነው። እሱን መግለጽ አያስፈልግም፤ ቢወድቅ ለወደቀበት ድንጋይ ነው የሚታዘንለት።

ምርጫ ያለው ሰው አማካሪ አያጣም። ጎረቤታችን እትዬ ወይንሸት በመንገዱ ዳር ሱቅ አላቸው፤ ወላጆቻቸው ከጎንደር የመጡ ናቸው፣ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት እዚሁ ስለሆነ በሀዲይኛ ተከራክረው በአማርኛ ይፈርዳሉ። «አንቺ ልጅ» አሉኝ፤ «ስልክ ማለት ቀሚስ ነው፤ ሰው ፊት የሚወጣበት። ደሞ ልጁ ከሰጠ ምን አስጨነቀሽ? ቀጭኑን በይው!» ስልክ የሚጠግነው ልጅ በበኩሉ የተፈታታ ስልክ ላይ እንዳጎነበሰ፣ «እኔን ከጠየቅሽኝ ወፍራሙን» አለኝ። «ቀጭኑ ከኪስ ሾልኮ ይወድቃል፤ ከወደቀ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። እኔስ ባገኘሁ።» ባለቤቴ አስተማሪ ነው፤ የተማሪ ፈተና እያረመ ቀና ሳይል፣ «ስልክ ለመደወል ነው፤ ባለ በተኑ ምን አነሰው?» አለ። ይህን ያለው ተች ስልኩን ከጎኑ አስቀምጦ ነው።

ሦስቱም ልክ ነበሩ። ሰው ሁሉ ልክ ሲሆን ደግሞ መምረጥ ይከብዳል። ሲመርጡ ሲመርጡ ምራጭ ላይ ይወድቃሉ እንደሚባለው እንዳይሆንብኝ ፈርቼ፣ ልቤ ወደ ወፍራሙ ማድላት ጀምሮ ነበር። መብራታችንን ታውቁታላችሁ።

በዚህ መሀል አማቴ መጡ።

አማቴ የምላቸው የባለቤቴን አባት ነው። ስማቸውን ለምን አትጽፊም ብትሉኝ፣ በእኛ ወግ የአማት ስም ምራት አፍ ውስጥ አይገባም። በጽሑፍ ይግባ አይግባ ያለ ሽማግሌ የለም፤ እኔ ግን ፈተናው በእኔ ከሚጀመር በሌላ ይጀመር ብዬ ትቼዋለሁ። ጊምቢቹ አጠገብ ባለው መንደራቸው እንሰት አላቸው፣ ላሞች አሏቸው፤ ከተማ የሚወጡት ሲቸግራቸው ብቻ ነው። አሁን ግን ቸግሯቸዋል። ከፋሲካ ወዲህ ግራ ዓይናቸው ነጭ ለብሶ ጠፍቷል፤ ቀኙም እየደከመ ነው። ባለቤቴ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ሐኪሙ ሰው አክባሪ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የነገራቸው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት ይሞከራል፤ እስከ መቼ እንደሚቆይ ግን ቃል አይገባም።

አማቴ ሲመለሱ በራፉ ላይ ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው ሆኜ ለቤዛ ገንፎ አበርድ ነበር። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ እንዲህ አሉ፦

«እንሰቱን በእጄ አውቀዋለሁ። መንገዱንም እግሬ ያውቀዋል። የማቴዎስን ፊት ግን በምን ላውቀው ነው? ሲሄድ ጢም እንኳ አላበቀለም ነበር።»

ማቴዎስ ወረቀት ስለሌለው እንደ ሺንሺቾው ልጅ ደርሶ መመለስ አይችልም፤ ከወጣ ወጣ ነው። በባለቤቴ ስልክ በቪዲዮ ሲደውል ደግሞ ማያው ላይ የሚመጣው ሰው ሳይሆን ጥላሸት ነው፤ ድምፁ የማቴዎስ፣ ፊቱ የማንም። አማቴ ሁልጊዜ፣ «ያ ጥቁሩ ነው እሱ?» ይላሉ። ባለቤቴም፣ «አዎ፣ ኔትወርክ ነው» ይላል። ማቴዎስ ደግሞ ስለ አባቱ ዓይን የሚያውቀው ነገር የለም። ማን ይነግረዋል? ሩቅ ያለ ሰው ነው። ሲደውል አማቴን ከደብዛዛው ጥግ አስቀምጠን፣ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገን፣ «አባባ ለገበያ መጥተው ነው» እያልን ነው የሰነበትነው።

ከዚህ በኋላ ወፍራሙን ስልክ ማሰብ ነውር ሆነብኝ። የሰው ዓይን እየጠፋ ስለ ባትሪ ይወራል? ጥሩ የሚያሳየው የትኛው ነው ብዬ ጠየቅሁ። እትዬ ወይንሸት፣ የስልክ ጠጋኙ፣ በመጨረሻም ባለቤቴ ሳይቀር፣ ሁሉም በአንድ አፍ፣ ካሜራው ጥሩ የሆነው አሉ። እኔም አመንኩ። ለማቴዎስ ራሴ በድምፅ፣ «ቀጭኑን» ብዬ ላክሁለት። እትዬ ወይንሸት ሲሰሙ፣ «ጎሽ! ዝምተኛዋ ሞዴል ሆነች!» ብለው ሳቁብኝ። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸውም ሞዴል መሆኔ አይቀርም ነበር።

ስልኩ መጣ። ከነካርቶኑ፣ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ። ሲም ከተትንበት፣ ፓኬጅ ሞላንበት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ወይንሸት ባሉበት ልንደውል ተሰበሰብን። ዘመናዊ ስልክ ብርሃን ይወዳል ብለው አማቴን ከጥጋቸው አንስተው ከበራፉ ፀሐይ ላይ ያስቀመጧቸው እትዬ ወይንሸት ናቸው። «ባርኔጣውንም ያውልቁት፤ ልጅ አባቱን ይይ እንጂ!» አሉ። ማናችንም አላሰብንበትም። ሰው በደስታው ቀን የደበቀውን ይረሳል።

የሚነጋገሩት በሀዲይኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ ላምጣላችሁ።

«አባ! እንዴት ነዎት?» አለ ማቴዎስ። ከዚያ ዝም አለ።

«ኔትወርክ ነው» አለ ባለቤቴ።

ኔትወርክ አልነበረም። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ከማያው ጥግ የእኛ መልክ በትንሹ ይታያል። የአማቴ ፊት አንድ በአንድ ተቆጥሮ የተቀመጠ ይመስላል፤ የግንባራቸው መስመር፣ ጉንጫቸው ላይ የቀረች ያልተላጨች ሽበት፣ ነጩ ዓይን። በእውነት ጥሩ ካሜራ ነው።

«ዓይናቸው ምን ሆኖ ነው?» አለ ማቴዎስ።

«አቧራ ገብቶባቸው ነው» አለ ባለቤቴ ፈጥኖ።

«ወንድሜ፣ አቧራ ነጭ ነው እንዴ?»

«የለም፣ ፀሐይዋ…»

«ይኼ ጥቁሩ ነው ማቴዎስ?» አሉ አማቴ በመሀል፣ አንገታቸውን ወደ ማያው አስግገው። «አሁንም ጥቁር ነው እኮ። አዲስ ነው አላላችሁም?»

ማቴዎስ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ። ባለቤቴ ጣሪያውን አየ፤ እትዬ ወይንሸት ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጥያቄው ስልኩን ወደ ያዘው ሰው የመጣ መሰለኝ።

«ከፋሲካ ወዲህ» አልኩ።

ስልኩ ተዘጋ። እሱ ይዝጋው፣ ያኔ እንኳ ደርሶ ኔትወርኩ ይሁን፣ አላውቅም።

እትዬ ወይንሸት ለመቆጣት ትንፋሽ አልፈለጉም። «አንቺ! በሰው አገር ላለ ልጅ እንዲህ ይባላል? ዛሬ ማን ያጽናናዋል? ማን ውኃ ያቀብለዋል?» ልክ ናቸው። ባለቤቴ አልተቆጣኝም፤ ፈተናውን ይዞ ተቀምጦ እስከ ማታ አረመ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኛ እውነት ግን ማደር እንኳ አላስፈለገውም፤ የሸረሪት ዓይን ያለው ስልክ በቅጽበት አጠራው። ወፍራሙን መርጬ ቢሆን ኖሮ ማቴዎስ አሁንም አባቱ ለገበያ የመጡ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ ወዲያ ማቴዎስ መደወል ተወ። አማቴ ወደ መንደራቸው አልተመለሱም፤ ጠብታው በሰዓቱ መግባት ስላለበት እኛ ጋ ቆዩ። ሰው ሲያልፍ ማን እንደሆነ በእግር ኮቴው መለየት ጀምረዋል፤ አንዳንዴም ይሳሳታሉ፤ ሲሳሳቱ ሳል ያስመስሉታል።

አንድ ቀን ቤዛ አዲሱን ስልክ እየነካካች ለአባቷ የቪዲዮ ጥሪ ደወለች። አባቷ ያለው በሚቀጥለው ክፍል ነው፤ ፈተናውን እያረመ። አነሳና፣ «ቤዚ! እንዴት አምሮብሻል!» እያለ ከክፍሉ ሲስቅ ሰማሁት። እኔ ከቤዛ ትከሻ በላይ አዲሱን ስልክ አየሁ። ባለቤቴ እዚያ ውስጥ ጥላሸት ነው፤ ማቴዎስን ራሱን። ሄጄ የባለቤቴን አሮጌ ስልክ አየሁ። ጠርዙ የተሰነጠቀው፣ ስንት ጊዜ የረገምነው ስልክ ላይ ቤዛ የገንፎ ጠብታዋ ሳይቀር ወለል ብላ ትታያለች።

ቆሜ አሰብኩ። ትምህርቴን ከዘጠነኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ስለ ካሜራ የተማርኩት የለም፤ ቢሆንም ይህን ለመረዳት ዐሥረኛ ክፍል አያስፈልግም። ጥሩ ካሜራ የያዘ ሰው አያይም፤ ይታያል። ማየት የፈለገ ሰው ጥሩውን ካሜራ ለሚያየው ሰው ነው መስጠት ያለበት። እኛ ከነአማካሪዎቻችን ዓይን መርጠን ግንባራችን ላይ የለጠፍን መስሎን፣ የመረጥነው መስኮት ኖሯል፤ ያውም ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያሳይ። ማቴዎስ ደግሞ ለአባቱ ቤት ያማረውን ልኮ ለራሱ ካሜራው የተፋቀውን አስቀርቷል። ከቤቱ ርቆ የሄደ ሰው ሁልጊዜ የሚያደርገውን ነው ያደረገው።

ለባለቤቴ ነገርኩት። «ስለዚህ?» አለ።

«የሺንሺቾው ልጅ ሳይመለስ ስልኩን ይዞለት ይሂድ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ስልክ ከዚያ ወደዚህ ነው የሚመጣው እኮ! ከሆሳዕና ወደ ደቡብ አፍሪካ ስልክ? የሚልኩት ቅቤ ነው፣ ዳጣ ነው። ምን ይለናል ማቴዎስ? ስጦታ መለሱብኝ አይልም?»

«ይበል» አልኩ። «አባባ ያ ጥቁሩ ነው ወይ እያሉ የቀረው ዓይናቸው ከሚያልቅ፣ ማቴዎስ ይቀየመን።»

ብዙ አውርቼ ስለማላውቅ ነው መሰለኝ፣ ይህን ያህል ስናገር ሰው ያምነኛል። ባለቤቴ ራሱ በባጃጅ ለሺንሺቾው ልጅ ይዞለት ሄደ። ካርቶኑን ዳጣና በሶ ባለበት ዕቃ መሀል ሸጎጥኩት፤ ለማቴዎስም በድምፅ፣ «አባትህ ሊያዩህ ይፈልጋሉ፤ በዚህ ደውል» ብዬ ላክሁ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። እትዬ ወይንሸት ሲሰሙ ሚዛናቸውን ለቀው ወጡ። «ጉድ! ጉድ! ሰው ቀጭን ስልክ አጥቶ ያብዳል፣ አንቺ አግኝተሽ አበድሽ!» ሰፈሩ ለሁለት ሳምንት በእኔ ሳቀ። አንዳንዱ ስልኩ ተበላሽቶ ነው አለ፤ አንዳንዱ ተጣልተው ነው አለ። ጠጋኙ ልጅ ብቻ፣ «ወፍራሙን ብዬሽ ነበር» አለኝ። ወፍራሙ ከዚህ ጋር ምን እንዳገናኘው እሱ ያውቃል። እንግዲህ ከሦስት ስልክ ምረጪ የተባልኩት ሴት፣ በመጨረሻ የያዝኩት አራተኛውን ነው፤ ድሮም የነበረንን።

መደወሉ ቆየ። በዚያ መሀል አማቴ ቤዛንና የጎረቤት ልጅን አምታተው ዘነበች ብለው ጠሯት። ቤዛ ሳቀች፤ እሳቸው አልሳቁም። ጠብታውን ሳገባላቸው፣ «ልጄ፣ ስንት ቀረው?» ይሉኛል። የሚጠይቁት ስለ ብልቃጡ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የባለቤቴ አሮጌ ስልክ ጮኸ። ማቴዎስ ነው፤ በቪዲዮ። ስነካው ማያው ላይ ሰው መጣ። ሰው ነው የምላችሁ፤ ቅንድብ ያለው፣ የከንፈሩ ስንጥቅ የሚታይ፣ ከጀርባው የሸቀጥ መደርደሪያው ላይ የተጻፈው ሳይቀር የሚነበብ። እኔ ይህን ሰው በሰርጌ ቀን ባሳዩኝ ፎቶ ብቻ ነው የማውቀው፤ ትንሽ ደነገጥኩ። ስልኩን ለአማቴ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

አማቴ ስልኩን ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠግተው፣ አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ፣ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያሉ አሳለፉት፤ ገበያ ላይ በሬ የሚገዛ ሰው ከቀንድ ጀምሮ እንደሚያየው። ማቴዎስም ሳይነቃነቅ ታየላቸው።

«ሸበትህ?» አሉ።

«ትንሽ ነው አባ።»

«አባትህ ሳይሸብት?» ራሳቸው ሸብተው የጨረሱ ሰው ናቸው። ሁለቱም ሳቁ። የማቴዎስን ሳቅ ከነጥርሱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ የባለቤቴ ሳቅ ነው።

አማቴ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ስልኩን ወደ ላይ መለሱት። «ቆይ። ግንባርህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«እ… በር መታኝ አባ። የሱቁ በር።»

«በር እንዲህ አድርጎ አይመታም» አሉ አማቴ። «በር ያብጣል እንጂ አይቀድም። በሩ ቢላ ይዞ ነበር?»

ማቴዎስ ዓይኑን ዝቅ አደረገ። ባለቤቴ ከኋላዬ፣ «አባባ፣ ኔትወርኩ…» ብሎ ጀመረ። አማቴ ግን ስልኩን ከዓይናቸው አላራቁም።

ትራስ አምጥቼ ከክርናቸው ሥር አደረግሁላቸው። ቤዛን አዝዬ፣ ባለቤቴን በእጅጌው ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ።